«ደህና ነኝ» ተብሎ የተሞላ ቅጽ፦ ስለ አረጋውያን የጉዞ ኢንሹራንስ ከአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ገናንና ጥምቀትን አገር ቤት ለማክበር የሚጓዙ አንባቢዎቻችን በየዓመቱ ስለ ጉዞ ኢንሹራንስ ይጠይቁናል። በዚህ ወር ከብሪታንያ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ ከሆነ ተጓዦች ወይም ከልጆቻቸው የተላኩ ናቸው፤ የብዙዎቹም ቅሬታ ገንዘብ ከፍለው የገዙት ዋስትና በታመሙ ጊዜ ፊቱን አዞረብን የሚል ነው። ጉዳዩ የሰው ጤናንና የቤተሰብ ጥሪትን የሚነካ በመሆኑ ዓምዱን በሙሉ ለእሱ ሰጥተናል። የጠያቂዎቹን ስምና የድርጅቶቹን ማንነት አስቀርተናል።

ጥያቄ፦ የ72 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ለንደን ነው። ለገና አዲስ አበባ ሄጄ እህቴ ቤት ሳለሁ ሌሊት ደረቴን አፍኖኝ ሆስፒታል ገባሁ። የልብ ሕመም ተገኝቶብኝ አምስት ቀን ተኝቼ ታከምኩ፤ ወጪውን እህቴና ልጄ ሸፈኑት። ተመልሼ ካሳ ስጠይቅ ኢንሹራንሱ «የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒት እንደሚወስዱ አልገለጹም» ብሎ ሙሉ በሙሉ ከለከለኝ። ቅጹን በኢንተርኔት የሞላው ልጄ ነው። ደውሎ ጤናዬን ሲጠይቀኝ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኩት። ግፊቴ በኪኒን ከተስተካከለ ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ አልዋሸሁም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናቴ፣ አስቀድሜ እንኳን በሰላም ለቤትዎ አበቃዎት እላለሁ። አልዋሸሁም ማለትዎን አምናለሁ፤ የብሪታንያ ሕግም ሆን ብሎ የዋሸን ሰውና ሳያስተውል የተሳሳተን ሰው በአንድ ሚዛን አይመዝንም። የእርስዎ ጉዳይ የሚወሰነው በዚሁ ልዩነት ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳዎት።

ቀድሞ ኢንሹራንስ የሚገዛ ሰው፣ ባይጠየቅም እንኳ፣ ድርጅቱ ሊያውቀው ይገባል የሚባለውን ሁሉ ራሱ አስቦ የመናገር ግዴታ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውና ከኤፕሪል 2013 ጀምሮ የሚሠራው የሸማቾች ኢንሹራንስ ሕግ ይህን ሸክም ከገዢው ትከሻ አንሥቶ፣ ገዢው ለሚቀርብለት ጥያቄ ተገቢውን ጥንቃቄ አድርጎ ትክክለኛ መልስ እንዲሰጥ ብቻ ያዝዛል። እንግዲህ ጥያቄው ራሱ በግልጽ መቅረብ አለበት ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራዎ፣ ልጅዎ ቅጹን ሲሞላ የቀረበለት ጥያቄ ቃል በቃል ምን ይል እንደነበርና የሰጠው መልስ ምን እንደሆነ የሚያሳየውን መዝገብ ከድርጅቱ በጽሑፍ መጠየቅ ነው። «ጤናዎ እንዴት ነው?» በሚል ልል ጥያቄና «ባለፉት ሁለት ዓመታት ለደም ግፊት መድኃኒት ታዝዞልዎታል?» በሚል ጥያቄ መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ነው። ቅጹን የሞላው ልጅዎ መሆኑ ግን ብቻውን አያድንዎትም፤ በእርስዎ ስም የተሰጠ መልስ የእርስዎ መልስ ሆኖ ይቆጠራል።

ጥያቄው ግልጽ ሆኖ መልሱ የተሳሳተ እንደሆነ ደግሞ ስህተቱ በቸልታ የተፈጸመ ነው ወይስ ሆን ተብሎ፣ ወይም ለእውነቱ ደንታ ሳይሰጡ የተደረገ ነው የሚለው ይታያል። ሆን ተብሎ ነው የሚል ድርጅት ይህንኑ የማስረዳት ግዴታ ያለበት ራሱ ነው። በቸልታ የተፈጸመ ከሆነ ግን ድርጅቱ መመለስ ያለበት ጥያቄ «እውነቱን አውቄ ቢሆን ኖሮ ምን አደርግ ነበር?» የሚለውን ነው። ጭራሽ የማይሸጥልዎት ከነበረ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ የከፈሉትን አረቦን ግን ይመልሳል። የልብንና የግፊትን ሕመም አግልሎ ይሸጥልዎት ከነበረ፣ ለልብዎ አይከፍልም፤ እግርዎ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ግን ከመክፈል አያመልጥም ነበር። ዋጋ ጨምሮ ይሸጥልዎት ከነበረ፣ ግፊቱ በኪኒን ለተስተካከለለት ሰውም ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው፣ ካሳው በከፈሉት ልክ ይቀነሳል እንጂ አይከለከልም። ለምሳሌ የከፈሉት 90 ፓውንድ ቢሆንና መድኃኒቱ ተገልጾ ቢሆን 150 ፓውንድ ይጠይቅዎት የነበረ ከሆነ፣ የከፈሉት ከሚገባው 60 በመቶ ነው፤ ስለዚህ 4,000 ፓውንድ ለሚሆን ወጪ 2,400 ፓውንድ ታስቦ፣ በውሉ መሠረት እርስዎ ራስዎ የሚሸፍኑት ድርሻ ከዚያ ላይ ይቀነሳል ማለት ነው። የደረስዎት የክልከላ ደብዳቤ ይህን ስሌት ካላሳየ፣ ስሌቱን የመጠየቅ ሙሉ መብት አለዎት።

አቤቱታዎን «ቅሬታ» ብለው በጽሑፍ ያቅርቡ። ድርጅቱ የመጨረሻ መልሱን ለመስጠት 8 ሳምንት አለው። መልሱ ካላረካዎት፣ ወይም 8 ሳምንቱ ያለ መልስ ካለፈ፣ ጉዳዩን በሸማቾችና በገንዘብ ድርጅቶች መካከል ያለን ክርክር ወደሚዳኘው ፋይናንሻል ኦምቡድስማን ሰርቪስ መውሰድ ይችላሉ። አገልግሎቱ ለሸማች በነጻ ነው፤ የመጨረሻው መልስ ከተጻፈበት ቀን አንሥቶ ያለዎት ጊዜ ግን 6 ወር ብቻ ስለሆነ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አያሳድሩት። የኦምቡድስማኑን የመጨረሻ ውሳኔ እርስዎ ከተቀበሉት ድርጅቱ ይገደድበታል፤ ካልተቀበሉት የፍርድ ቤት በር አይዘጋብዎትም። ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። ድርጅቱ ከቤተሰብ ሐኪምዎ፣ ከጂፒ ማለቴ ነው፣ ሪፖርት እንዲሰጠው ፈቃድዎን ሲጠይቅ፣ በ1988 የወጣው የሕክምና ሪፖርቶች ሕግ ሪፖርቱ ከመላኩ በፊት እንዲያዩት መብት ይሰጥዎታል፤ ለዚህም 21 ቀን አለዎት። አይተው የተሳሳተ ነገር ካለ እንዲታረም መጠየቅ ይችላሉ። አብዛኛው ሰው ሳያነብ ይፈርማል፤ እርስዎ ግን «ከመላኩ በፊት ማየት እፈልጋለሁ» የሚለውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት።

አሁን ደግሞ ከሕጉ ወጥቼ አንድ ነገር ልናገር፤ ደብዳቤዎን ካነበብኩ ጀምሮ ከልቤ አልጠፋምና። በእኛ ዘንድ ጤና ሲጠየቅ የሚመለሰው ምስጋና ነው። ማንም እናት ልጇ ከሩቅ ደውሎ «እንዴት ነሽ?» ሲላት የመድኃኒቷን ዝርዝር አትቆጥርለትም። ምስጋናው ይኑር፤ ኢንሹራንሱ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ወር አንዲት የ70 ዓመት እናት ቤት ቁጭ ብዬ ቅጽ ስንሞላ፣ ሕመም እንዳለባቸው ስጠይቃቸው «ምንም የለብኝም» አሉኝ። መድኃኒትስ ስላቸው ተነሥተው ከወጥ ቤቱ ቁም ሳጥን አንድ የፕላስቲክ ከረጢት አመጡ። ጠረጴዛው ላይ ስንዘረግፈው የግፊቱ አምሎዲፒን፣ የኮሌስትሮሉ አቶርቫስታቲንና የስኳሩ ሜትፎርሚን ሆኖ ተገኘ፤ ሦስቱም ላይ የእሳቸው ስምና የተሰጡበት ቀን ተለጥፏል። ሜትፎርሚኑን አንሥቼ ሳሳያቸው «እሱማ ለትንሿ ስኳሬ ነው» አሉኝ። ትንሿ ስኳር በቅጹ ላይ ስኳር ናት። ስለዚህ ልጆች ሆይ፣ ቅጹን ከአፍ እየሰማችሁ ሳይሆን የመድኃኒቱን ካርቶን ወይም ከጂፒ የሚሰጠውን የሪፒት (የተደጋጋሚ መድኃኒት ማዘዣ) ወረቀት ፊታችሁ አስቀምጣችሁ ሙሉ፤ በኤንኤችኤስ (በብሪታንያ የመንግሥት የጤና አገልግሎት) አፕ የሚጠቀሙ ወላጆችም ዝርዝሩን እዚያው ስልካቸው ላይ ያገኙታል። በኪኒን የተስተካከለ ሕመምም ሕመም ተብሎ ይጻፋል፤ መስተካከሉ የሚጠቅመው ዋጋውን ለማቅለል ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ 76 ዓመቱ ነው። በ2017 ዓ.ም. የቃና ዘገሊላ ዕለት አዲስ አበባ ላይ ታቦት ሸኝቶ ሲመለስ ወድቆ ዳሌው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ያለበትን ሕመም ሁሉ በቅጹ ላይ ገልጸን ነበር። ኢንሹራንሱ ግን ሰነዶቹ ጉዞው ከመደረጉ ከሰባት ዓመት በላይ አስቀድሞ የተጻፉ ናቸው፣ ስሙም ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም ብሎ ፋይሉን ዘግቶታል። አጭበርባሪ የተባልን ያህል ተሰማን።

መልስ፦ ስሜታችሁ ይገባኛል፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ክፉ ልብ ያለው ሰው አልታየኝም። ፋይሉን የያዘው ሠራተኛ ስለ እኛ አቆጣጠር ሰምቶ አያውቅ ይሆናል። የቃና ዘገሊላ ዕለት ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ይህን ሐኪሙ 12/5/2017 ብሎ ጽፎታል። በእንግሊዝ አገር ይህን ቀን የሚያነብ ሰው ሁሉ ሜይ 12 ቀን 2017 ብሎ ነው የሚረዳው። እውነተኛው ቀን ግን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ነበር። የሐኪሞቻችን ማስታወሻ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈ መሆኑ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል፤ ጽሑፉ በሙሉ እንግሊዝኛ ሆኖ ቀኑ ብቻ የኢትዮጵያ ነው ብሎ የሚጠረጥር አንባቢ አይኖርምና። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። አባትህ ሆስፒታል የደረሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሆነና ካርዱ ላይ «2:00» ከተባለ፣ እዚህ ያለው ሰው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ወይም ከቀኑ ስምንት ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል።

መፍትሔው ብዙ አያስቸግርም። በአንድ ገጽ ደብዳቤ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት እንደሚያንስ፣ አዲሱ ዓመት ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ላይ እንደሚገባ፣ የቀኑ ሰዓት ቆጠራም ከንጋት እንደሚጀምር አስረዱ። ከሥሩም በእያንዳንዱ ሰነድ ላይ ያለውን ቀንና ትክክለኛ አቻውን ጎን ለጎን ጻፉ። የአባትህ ፓስፖርት ላይ በቦሌ የተመታው የመግቢያ ማኅተምና የአውሮፕላን ቲኬቱ አብረው ይላኩ፤ በእነዚህ ላይ ያለው ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ምስክርነታቸው ጠንካራ ነው። ከተቻለም እዚያ ያለ ዘመድ ወደ ሆስፒታሉ ሄዶ፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፈበትና ማኅተም ያረፈበት የሕክምና ምስክር ወረቀት ያስወጣ። የስሙ ጉዳይም መነሻው ተመሳሳይ ነው። የእንግሊዝ ፓስፖርት የአባትን ወይም የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዞ፣ ሆስፒታሉ ግን ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ብሎ በሌላ የላቲን አጻጻፍ ይመዘግባል። አንዳንድ ካርድ ላይ ዕድሜው እንኳ በግምት የተጻፈ ነው። ሁለቱ አጻጻፎች የአንድ ሰው መሆናቸውን ሆስፒታሉ በአንድ መስመር ቢያረጋግጥላችሁ ይበቃል።

ደብዳቤህ ላይ ያልጠቀስከው፣ እኔ ግን የምጠረጥረው ሌላ ነገር አለ። አብዛኛው ቤተሰብ በጭንቀት ሰዓት ለኢንሹራንሱ የ24 ሰዓት የእርዳታ መስመር ሳይደውል በሽተኛውን ያሳክምና፣ ከወጣ በኋላ ነው የሚያሳውቀው። ውሎቹ ግን ተኝቶ ለሚሰጥ ሕክምና አስቀድሞ፣ ድንገተኛ ከሆነም በተቻለ ፍጥነት መደወልን ያዝዛሉ። ጥቅሙም ለበሽተኛው ነው፤ ቶሎ ከተደወለ ድርጅቱ ለሆስፒታሉ በቀጥታ ሊከፍል ወይም የከፋ እንደሆነ በሽተኛውን ወደ ሌላ አገር ለማዛወር ሊወስን ይችላል። ከምሥራቅ አፍሪካ እንዲህ ዓይነት ሥራ ከሚሠሩት አንዱ ናይሮቢ ዊልሰን አየር ማረፊያ ላይ የሚገኘው የአምሬፍ የበረራ ሐኪሞች አገልግሎት ነው። አዲስ አበባ ያሉ የግል ሆስፒታሎች ብዙውን ጊዜ ከመተኛት በፊት መያዣ ገንዘብ ስለሚጠይቁ ይህ ስልክ ቁጥር በሽተኛው ኪስ ውስጥ ብቻ ሳይሆን አስተናጋጅ ዘመዱም ስልክ ላይ መመዝገብ አለበት።

ስለ ደረሰኝም ልናገር። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ የሚታተምበት ወረቀት ሙቀት ሲነካውና ሲያድር ይደበዝዛል፤ ሁለት ወር ኪስ ውስጥ የከረመ ደረሰኝ ነጭ ወረቀት ሆኖ ያየሁበት ጊዜ አለ። በዕለቱ ፎቶ ይነሣ። ሆስፒታሉ መድኃኒት ከውጭ ፋርማሲ እንድትገዙ ከላካችሁ የማዘዣውን ቅጂ ሳትይዙ ማዘዣውን አታስረክቡ፤ ደረሰኙ ላይም የታካሚው ስም ይጻፍ። ብሩ ከጁላይ 2024 ማብቂያ ጀምሮ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ ተመኑ ከቀን ወደ ቀን ይለያያል፤ ከፋዩ ፓውንድ የመነዘረበት የባንክ ወረቀት ካለ ከእያንዳንዱ ክፍያ ጋር ይያያዝ።

ጥያቄ፦ 78 ዓመቴ ነው። በመስከረም ቲኬትና ኢንሹራንስ ገዛሁ። በኅዳር ሐኪሜ የልብ መድኃኒቴን መጠን ከፍ አድርጎ ለተጨማሪ ምርመራ ወረፋ አስያዘኝ። ጉዞዬ በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ብናገር ይሰርዙብኛል ብዬ ዝም ብያለሁ።

መልስ፦ አባቴ፣ ዝም አይበሉ። ብዙ ውሎች ከግዢ በኋላ እስከ ጉዞው ቀን ድረስ በጤና ላይ የሚመጣን ለውጥ እንዲያሳውቁ ይጠይቃሉ፤ የመድኃኒት መጠን መለወጥና ውጤቱ ያልታወቀ ምርመራ መጠበቅ ደግሞ በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ የሚገኙ ናቸው። ዝም ብለው ሄደው ልብዎ ቢታመም የሚቀርብዎት ጥያቄ «ለምን አልነገሩንም?» የሚል ነው፤ መልሱም ይከብድዎታል።

ሲደውሉ ከሦስት ነገሮች አንዱን ይሰማሉ፤ ዋስትናዎ እንደነበረ ይቀጥላል፣ ጥቂት ይጨምሩ፣ ወይም ይህን ሕመም አንሸፍንም። የመጨረሻውን ከሰሙ ስልኩን ሳይዘጉ «እንግዲያው ጉዞዬን ብሰርዝ የቲኬቴን ገንዘብ ትከፍላላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። የስረዛ ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከግዢው ቀን አንሥቶ ነው፤ ኢንሹራንስን ከቲኬቱ ጋር በአንድ ቀን መግዛት የሚመከረውም ለዚህ ነው። ሕመሙንም አንሸፍንም፣ ስረዛውንም አንከፍልም ካሉዎት፣ ያ ራሱ ለኦምቡድስማን የሚቀርብ ቅሬታ ነው። ያነጋገረዎትን ሰው ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዝግቡ፤ የተባለውን በኢሜይል እንዲልኩልዎትም ይጠይቁ።

ለሐኪምዎም አንድ ጥያቄ ይጨምሩ። ሰው ሁሉ መብረር እችላለሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ እዚያ መቆየት እችላለሁ ወይ የሚለውን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ይሳሳል፤ አዲስ አበባ ራሷ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። ስለዚህ ልብዎም ሆነ ሳምባዎ ቦሌ ሲወርዱ ዕረፍት አያገኙም። ሐኪሙ ይህን አውቆ «ይሂዱ» ካለዎት፣ ቃሉን በጽሑፍ ይያዙት።

ጥያቄ፦ እናቴ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ ናት። እንጦጦ ወጥታ ሁለት ሱባኤ ጸበል ልትጠመቅ አስባለች፤ በዚያ ጊዜ መድኃኒት አልወስድም ትላለች። የገናን ጾምም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትጾመው። በኢንሹራንሷ ላይ ችግር ያመጣ ይሆን?

መልስ፦ ያመጣል። ብዙ ውሎች የታዘዘን መድኃኒት በታዘዘው መሠረት ባለመውሰድ ለሚመጣ ሕመም እንደማይከፍሉ በግልጽ ይጽፋሉ። ነገር ግን ልጄ፣ ከገንዘቡ በፊት የእናትሽ ሕይወት ይቅደም። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን እየወሰዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ ሳይቀምሱ መዋል ስኳርን በድንገት ያወርዳል፤ መድኃኒቱን ለሁለት ሳምንት መተው ደግሞ በተቃራኒው ስኳሩንም ግፊቱንም ያንራል።

ይህን ስትነግሪያት ከእምነቷ ጋር አትከራከሪ፤ እምነቷ የዕድሜ ልክ ስንቋ ነው። ቤተ ክርስቲያን ራሷ መድኃኒትን ከጸበል ጋር አታጣላም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007፣ እንጦጦ ላይ በሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ታማሚዎች ምክንያት ጥያቄው በተነሣ ጊዜ፣ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ስለዚህ ከመሄዷ በፊት የነፍስ አባቷን አነጋግሪያቸው። ለታመመ ሰው ጾሙን ማቅለልም የእሳቸው ሥልጣን ነው፤ እናትሽ ከአንቺ ይልቅ የእሳቸውን ቃል በደስታ ትቀበላለች። መድኃኒቷን ለቆይታዋ ከሚበቃት በላይ ቢያንስ የአንድ ሳምንት ትርፍ ጨምራ፣ ከነካርቶኑና ከማዘዣው ቅጂ ጋር በእጅ ሻንጣዋ ትያዝ። ኢንሱሊን ከጭነት ጋር ከገባ በረዶ ሊሆንና ሊበላሽ ስለሚችል ከእጇ አይለይ።

ጥያቄ፦ 82 ዓመቴ ነው፤ ለሦስት ወር አገሬ መሄድ እፈልጋለሁ። ሁለት ድርጅቶች በዕድሜዬ ምክንያት እምቢ አሉኝ፤ ሦስተኛው የጠየቀኝ ዋጋ ከቲኬቱ ይበልጣል። ይህ አድልዎ አይደለም?

መልስ፦ የ2010ሩ የእኩልነት ሕግ የገንዘብና የኢንሹራንስ አገልግሎት ሰጪዎች በዕድሜ ላይ ተመሥርተው ዋጋ እንዲተምኑ ስለሚፈቅድ በዚህ በኩል ብዙም አይራመዱም። የሚረዳዎት ሌላ መንገድ ነው። ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ፣ በሕመም ምክንያት የሚከለክሉ ወይም ከፍተኛ ጭማሪ የሚጠይቁ ድርጅቶች ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የሚቀበሉ ሻጮች ወደተዘረዘሩበት ማውጫ የመምራት ግዴታ ተጥሎባቸዋል። መኒሄልፐር የሚባለው የመንግሥት የነጻ ምክር አገልግሎት ይህን ማውጫ ይዟል፤ በስልክም ያስተናግዳል።

ስለ ሦስቱ ወር ግን ይጠንቀቁ። በዓመት ብዙ ጉዞ የሚሸፍነው ውል ርካሽ ቢመስልም አንዱ ጉዞ ከ31 ቀን እንዳያልፍ የሚገድበው ብዙ ነው። በ32ኛው ቀን የታመመ ሰው ያለ ዋስትና ነው። ለእርስዎ የሚስማማው ለአንድ ረጅም ጉዞ ብቻ የሚገዛው ነው። ከአዲስ አበባ ወጥተው ወደ ትውልድ ቀዬዎ የሚሄዱ ከሆነም ከመግዛትዎ በፊት የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የጉዞ ምክር ስለዚያ አካባቢ ምን እንደሚል ያስነብቡ። በኦገስት 2023 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ብዙዎቻችን ጎንደርና ላሊበላ የምንሄደው ያንን ምክር ሳናይ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ አትሂዱ ባለው ቦታ የሚደርስ ነገር ደግሞ በአብዛኞቹ ውሎች አይሸፈንም። ለአውሮፓ የሚያገለግለው የኤንኤችኤስ የጤና ካርድ ኢትዮጵያ ውስጥ ምንም አይሠራም።

ጥያቄ፦ የ74 ዓመት እናቴን ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ለሁለት ወር ለንደን፣ ከዚያም ለሁለት ሳምንት ጀርመን እኅቴ ዘንድ ላቆያት ነው። የትኛው ኢንሹራንስ ግዴታ ነው?

መልስ፦ ለጀርመኑ ግዴታ ነው። ጀርመንን ጨምሮ የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ የሆነው የሼንገን ቪዛ ሕግ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ በሁሉም የሼንገን አገሮች የሚሠራ፣ አስቸኳይ ሕክምናን፣ የሆስፒታል ድንገተኛ እንክብካቤንና ወደ አገር መመለስን የሚያካትት ኢንሹራንስ ይጠይቃል። ለቪዛ ተብለው የሚሸጡት ርካሾቹ ግን ቆንስላውን ያረካሉ እንጂ፣ ቀድሞ የነበረን ሕመም በአብዛኛው አግልለው የተጻፉ ናቸው። የቪዛው ወረቀት እጅሽ ስለገባ እናትሽ የተሸፈነች አይምሰልሽ፤ ግፊት ወይም ስኳር ካለባት ያንን የሚያካትት ጭማሪ ይገዛላት።

ለእንግሊዝ ጉብኝት ቪዛ ኢንሹራንስ ግዴታ አይደለም። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ ግዴታ ያልሆነውን ነገር ሰው አይገዛውም። ጂፒ ማየትና ድንገተኛ ክፍል የሚሰጠው እርዳታ በነጻ ቢሆንም፣ እናትሽ ሆስፒታል ከተኛች ግን እንደ ጎብኚ የኤንኤችኤስን መደበኛ ዋጋ 150 በመቶ ትጠየቃለች። ሐኪሞቹ አስቸኳይ ነው ያሉት ሕክምና ክፍያ እስኪፈጸም ተብሎ አይያዝባትም፤ ሂሳቡ ግን በኋላ ይመጣል። ከ500 ፓውንድ ያላነሰ ዕዳ ሁለት ወር ሳይከፈል ከቆየም ለሚቀጥለው ቪዛዋ መከልከያ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለለንደኑም ግዢላት። ስትገዢም በስልክ «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» ብለሽ አትሙዪ፤ የመድኃኒቷን ካርቶኖች አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ፎቶ አንሥቶ ይላክልሽ፣ ሐኪሟም ስለ ሕመሟና ስለምትወስደው መጠን በእንግሊዝኛ አጭር ደብዳቤ ጽፎ፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስፍሮ ማኅተም ያድርግበት።